በርሜሉ ስንት ይርዘም? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ስለ አፈ ሰፊ ሌቨር አክሽን ጠብመንጃ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከሌሎችም የጎጃም ከተሞች የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው አንድ ጉዳይ ያነሳሉ። ልጆቻቸው ወይም ወንድም እህቶቻቸው አሜሪካና ካናዳ ሆነው በሕጋዊ ፈቃድ አደን የጀመሩ ቤተሰቦች ስለ ሌቨር አክሽን ጠብመንጃ ይጠይቁናል። ይህ ጠብመንጃ ከቃታው ሥር ያለውን ባለ ቀለበት ማንሻ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ባዶውን ቀለህ አውጥቶ አዲስ ጥይት ያቀባብላል። አፈ ሰፊ የምንለው የአረሩ ውፍረት ከ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ነው። ለማመዛዘን ያህል፣ የክላሽ አረር 8 ሚሊ ሜትር አይሞላም።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የወንድሜ ልጅ አላስካ ይኖራል። የአደን ፈቃዱን አውጥቶ 45-70 የሚባለውን ጥይት የሚተኩሰውን ማርሊን 1895 ጠብመንጃ ሊገዛ ነው። ሻጩ ባለ 16፣ ባለ 19፣ ባለ 22 እና ባለ 26 ኢንች በርሜል አሳይቶታል። እኛ የምናውቀው ረጅም ጠብመንጃ ርቆ እንደሚመታ ነውና ረጅሙን ውሰድ አልኩት። እሱ አጭሩ ይሻለኛል ይላል። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ምክርዎ ለውጅግራ ዘመን ልክ ነበር። ለዚህ ጠብመንጃ ግን የወንድምዎ ልጅ ሐሳብ ይሻላል።

በርሜል ሲረዝም ሁለት ነገር ይሰጣል። አንደኛው የአረሩ ፍጥነት ነው፤ ሁለተኛው በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከፍጥነቱ እንጀምር። የ45-70 አረር 11.6 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። በዚህ ስፋት ያለው በርሜል በእያንዳንዱ ኢንች የሚይዘው ባዶ ቦታ ከክላሽ በርሜል ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ አረሩ ጥቂት እንደተጓዘ የባሩዱ ጋዝ ተለጥጦ ግፊቱ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ኢንች አረሩን የሚገፋው በደከመ ጋዝ ነው። ስለዚህ በ45-70 አንድ ኢንች በርሜል የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው እንደ ጥይቱ ዓይነት በሰከንድ ከ3 እስከ 6 ሜትር ገደማ ነው። ከ22 ኢንች ወደ 18.5 ቢወርድ የሚያጣው ከ10 እስከ 20 ሜትር ብቻ ነው። የተለመደው ባለ 405 ግሬይን (26 ግራም) ጥይት በሰከንድ 405 ሜትር ገደማ ይወጣል። 20 ሜትር ቢቀነስበት አረሩ 100 ሜትር ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ጠብመንጃው በራሱ ጥይት ከተስተካከለ በኋላ ይህም አይታይም።

አንድ ነገር ግን ይወቅ። በጥይት ካርቶን ላይ የሚጻፈው ፍጥነት ብዙውን ጊዜ በ24 ኢንች የመሞከሪያ በርሜል የተለካ ነው። ባለ 19 ኢንች ጠብመንጃ ይዞ ያንን ቁጥር የሚጠብቅ ሰው መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ማነጣጠሪያው ነው፤ ረጅም በርሜል በእውነት የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ባለ 22 ኢንቹ ማርሊን በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያው መካከል 45 ሳንቲ ሜትር ያህል አለው፤ ባለ 18.5 ኢንቹ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ዓይን ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትሳሳት፣ 100 ሜትር ላይ ስሕተቱ በረጅሙ 11፣ በአጭሩ 14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ነገር ግን በርሜሉ ላይ ያለውን ባለ ቀንድ የኋላ ማነጣጠሪያ አስነቅሎ፣ በዓይኑ አጠገብ ከመሣሪያው አካል ጫፍ ላይ ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ቢያስተክል ርቀቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ስሕተቱም ወደ 8 ይወርዳል። አጭር በርሜል ከባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ጋር ረጅሙን ባለ ቀንድ ይበልጠዋል ማለት ነው። ባለ ቀዳዳው በጭጋግና በምሽትም ይጠቅማል። ቀዳዳውን ሰፋ ያለውን ይምረጥ፤ ዓይን መሃሉን ራሷ ትፈልገዋለች፤ እሱ የፊቱን ጉጥ ብቻ ይመልከት።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። አላስካ ውስጥ ድብና ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ በወንዝ ዳር ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። እዚያ የጠብመንጃው ጠቅላላ ቁመት ይቆጠራል። ባለ 16.1 ኢንቹ ከጫፍ ጫፍ 87 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ባለ 18.5ቱ 94፤ ባለ 22ቱ 103፤ ባለ 26ቱ 113 ይደርሳል። ቁጥቋጦ ውስጥ በትከሻ አንግቦ ለሚሄድ ሰው ከራሱ በላይ የሚወጣው በርሜል ቅርንጫፍ እየያዘ ያስቸግረዋል። ለበቅሎና ለፈረስ ጉዞም ያው ነው። የሌቨር አክሽን ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከኮርቻ ጎን ባለ አፎት ውስጥ በደንብ ይገባል፤ ባለ 26 ኢንቹ ግን በዳገት ላይ የፈረሱን ትከሻ ይመታል።

ታዲያ ለምን ከሁሉ አጭሩን አይወስድም? ባለ 16 ኢንቹ ድምፁ ከባድ ነው። ጋዙ ለጆሮ ቀርቦ ይወጣል፤ ጫፉም ቀላል ስለሆነ ቆሞ ለሚያነጣጥር ሰው ይዋልላል። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ16 ኢንች ያነሰ በርሜል ያለውን ጠብመንጃ በልዩ ምዝገባ ሥር ስለሚያስገባው፣ ፋብሪካዎቹ ከመስመሩ ጥቂት አልፈው 16.1 ያደርጉታል። በጠባብ ጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ለሚዘዋወር ሰው ይሆናል። ለቀረው ከ18.5 እስከ 19 ኢንች ያለውን እንመክራለን። ማርሊን ይህን ልክ እ.ኤ.አ. በ1998 በ18.5 ኢንች ጋይድ ገን ብሎ አወጣው። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2020 የገዛው ሩገር ደግሞ ባለ 19 ኢንች አድርጎ ይሠራዋል። በገላጣ ቦታ ተቀምጦ የሚያደፍጥ ከሆነ ባለ 22ቱ እጅ ላይ ረጋ ስለሚል ጥሩ ነው። ባለ 26ቱ ለኢላማ ተኩስ ውድድርና ለአሮጌ ጠብመንጃ ወዳጆች ነው።

በርሜል ሲያጥር የሚይዘው ጥይት ይቀንሳል የሚለው ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የድሮው ባለ 22 ኢንች ማርሊን ካዝናው ከበርሜሉ ስለሚያጥር 4 ጥይት ይይዛል፤ ካዝናው እስከ አፈሙዙ የሚደርሰው ባለ 19 ኢንች 6 ይይዛል። ሲገዛ የካዝናውን ቱቦ ርዝመት ይመልከት።

የመጨረሻው ምክራችን በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ነው። ሻጩ ፊት መሣሪያው ባዶ መሆኑን አረጋግጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ትከሻው ያምጣው፤ ከዚያ ዓይኑን ይግለጥ። የፊቱ ጉጥ በኋላው መሃል ተቀምጦ ካገኘው ሰደፉ ተስማምቶታል። አንገቱን እያጎነበሰ ወይም እየዘረጋ መፈለግ ካለበት፣ የበርሜሉን ርዝመት መቀያየር አያድነውም። ሙከራውን በአደን ጊዜ የሚለብሰውን ወፍራም ካፖርት ለብሶ ያድርገው። በቀጭን ሸሚዝ የተስማማ ሰደፍ በጮቄ ብርድ ጋቢ ደርበው ሲይዙት እንደሚረዝም ሁሉ፣ እዚያም በክረምት ልብስ ይረዝማል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ አያቴ የተወልን ውጅግራ በቤተሰብ ቅርስነት ተመዝግቦ ይገኛል። ከቁመቱ ብዛት ከአንዳንድ ሰው ትከሻ በላይ ነው። የ45-70 አረርም 11 ሚሊ ሜትር ነው ሲባል ሰማሁ። ሁለቱ ይቀራረባሉ? ጥይቱስ ይገጥመዋል?

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፤ አይገጥመውም፣ ፈጽሞ እንዳይሞክሩት። የውጅግራ አረር 11.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የ45-70 አረር 11.6 ነው። አረሩ ከበርሜሉ ይወፍራል፣ ቀለሁ ግን ከውጅግራው ቀለህ ስለሚቀጥን ጥይት ቤቱ ውስጥ ይላላል። ቀለሁ ተቀዶ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። በጥይት ቁጥሮች ሚሊ ሜትር መቀራረቡ ዝምድና አይደለም።

ዝምድናቸው በዘመናቸው ነው። ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የታጠቀው የግራ ጠብመንጃ ነው፤ 45-70 ደግሞ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 የተቀበለው ጥይት ነው። የውጅግራው ጥይት 25 ግራም አረርና 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ነበረው፤ ያኛው 26 ግራም አረርና 4.5 ግራም ጥቁር ባሩድ። ውጅግራ 130 ሳንቲ ሜትር የቆመው በሁለት ምክንያት ነው። በጥቁር ባሩድ ጊዜ ረጅም በርሜል ፍጥነት ይጨምር ነበር፤ ጫፉ ላይ ሳንጃ ሲሰካም እግረኛው ፈረሰኛን እንዲመክት ታስቦ ነው። የዛሬው 45-70 በጭስ አልባ ባሩድ ስለሚሞላ ያን ቁመት አይፈልግም። አያትዎ የተዉትን ጠብመንጃ ቀጭን ዘይት ቀብተው ያኑሩት እንጂ አይተኩሱበት።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ባሌና አርሲ ድረስ ከውጭ አዳኞች ጋር በረዳትነት እሄዳለሁ። አንዳንዱ እንግዳ ሌቨር አክሽን ይዞ ይመጣል። እስከ ስንት ሜትር ድረስ ልመክረው? ከ45-70፣ ከ.444 እና ከ.450 የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ሥራዎ በመሣሪያው ልክ እንስሳውን ማቅረብ ነውና ጥያቄዎ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው ያረፈው።

የ45-70 ተራው ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ የያዘው ጉልበት ወደ 2,150 ጁል ነው፤ ይህ ከክላሽ ጥይት ብዙም አይበልጥም። ልዩነቱ የአረሩ ክብደት ነው፤ ከክላሽ አረር ከሦስት እጥፍ በላይ ይመዝናል። ሰፊና ከባድ አረር ቀስ ብሎም ቢሄድ አጥንት ሰብሮ በቀጥታ ያልፋል፤ ችግሩ ቶሎ መውረዱ ነው። በ90 ሜትር የተስተካከለ ተራ የ45-70 ጥይት 180 ሜትር ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ርቀቱን በ20 ሜትር የተሳሳተ ሰው እንስሳውን አቁስሎ ይሰዳል። የፕላስቲክ ጫፍ ያለው፣ ሆርናዲ የሚባለው የጥይት ፋብሪካ የሚሠራው ባለ 325 ግሬይን ጥይት ይህን ያሻሽላል። 90 ሜትር ላይ 7.6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተስተካከለ፣ 180 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል፤ 270 ሜትር ላይ ግን ውድቀቱ 70 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ በተራው ጥይት ከ120 ሜትር፣ በዚህኛው ከ180 ሜትር በላይ አያስተኩሱ። እንግዳው የቱንም ያህል በራሱ ቢተማመን ይህን ወሰን አይልቀቁለት።

ደጋ አጋዘን ብዙ ጊዜ ከአንዱ ተዳፋት ወደ ሌላው ተሻግሮ ነው የሚተኮሰው። ለዚያ ሌቨር አክሽን አይሆንም፤ መነጽር ያለው፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አረር ያለው ባለ መቀርቀሪያ ጠብመንጃ ይሻላል። ለምኒልክ ድኩላና ጫካ ውስጥ በቅርብ ለሚገኝ ከርከሮ ግን ሌቨር አክሽን ሁነኛ መሣሪያ ነው።

ስለ ጥይቶቹ፦ .444 ማርሊን እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ ነው፤ ባለ 240 ግሬይን አረሩ በሰከንድ 716 ሜትር ገደማ ይወጣል። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አረሩ ቀላል ስለሆነ ከባድ አጥንት ላይ እንደ 45-70 አይዘልቅም። .450 ማርሊን እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሲሆን፣ የተጠናከረ 45-70 ሊባል ይችላል። ሁለቱም ሱቅ ውስጥ እንደልብ አይገኙም። 45-70ን የምንመርጠው ከቀላል እስከ ከባድ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነና ከእነሱ ይልቅ በቀላሉ ስለሚገኝ ነው።

እዚህ ላይ ለደኅንነት ሲሉ ሁለት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ 45-70 ጥይት ሁሉ አንድ አይደለም። ለአሮጌው የጥቁር ባሩድ ጠብመንጃ የሚሆነው ለስላሳ ነው፤ ለዘመናዊው ማርሊን ብቻ ተብሎ የሚሸጠው ግፊቱ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ካርቶኑ ላይ ለየትኛው መሣሪያ እንደሆነ ተጽፏል፤ እንግዳው ከአያቱ የወረሰውን የ1886 ዊንቸስተር የሚባል አሮጌ ሌቨር አክሽን ይዞ ጠንካራውን ጥይት ካመጣ አይተኩስ። ሁለተኛ፣ በቱቦ ካዝና ውስጥ ጥይቶቹ አንዱ በሌላው ኋላ ይደረደራሉ፤ የኋለኛው አረር ጫፍ የፊተኛውን ካፕሱል (ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለውን ባሩድ ማቀጣጠያ) ይነካል። ጫፉ ሹል የብረት ከሆነ፣ ጠብመንጃው ሲራገጥ ካፕሱሉን መትቶ ጥይቱን ካዝናው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ጫፉ ጠፍጣፋ ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ መሆን አለበት። ሹል አረር የሚቻለው ጥይቱን ደርቦ በሚይዝ ሳጥን ካዝና ብቻ ነው፤ እንደ ዊንቸስተር 1895። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1909 ለአደን ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ የያዘው ያንን ነበር፣ በ.405 ጥይት።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ታናሽ እህቴ ሞንታና ትኖራለች፣ ሰውነቷ ቀጭን ነው። 45-70 ትከሻ ይሰብራል ብለው አስፈራሯት። እውነት ነው? አጭሩ በርሜል የበለጠ ይራገጣል?

መልስ፦ እህታችን፣ የሚራገጠው በርሜሉ አይደለም፤ ጥይቱና የመሣሪያው ቅለት ናቸው። በ3.4 ኪሎ ጠብመንጃ ላይ ተራው ባለ 405 ግሬይን ጥይት የሚሰጠው ርግጫ 26 ጁል አካባቢ ነው። ብዙ ሴቶችም ወንዶችም የሚያድኑበት .308 የሚባለው ጥይት በዚሁ ክብደት ላይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፈጣኑ ባለ 325 ግሬይን ወደ 45 ጁል፣ ለድብ የሚሞላው ከባዱ ባለ 430 ግሬይን ወደ 60 ጁል ይደርሳል። እህትሽን ያስፈራሯት ሰዎች የተኮሱት ሦስተኛውን ሳይሆን አይቀርም።

አጭር በርሜል በክብደት ስለሚቀል ርግጫውን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። 3.2 ኪሎ የሚመዝን ጠብመንጃ ከ3.6 ኪሎው ይልቅ ከመቶ 12 ያህል ጨምሮ ይገፋል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ጀማሪ የሚደነግጠው ከርግጫው ይልቅ በድምፁ ነው፤ ድምፁ ደግሞ በእርግጥ በአጭር በርሜል ይከብዳል። የጆሮ መከላከያ ሳታደርግ አንድም ጥይት አትተኩስ። አፈሙዝ ላይ የሚገጠም ባለ ቀዳዳ ርግጫ መቀነሻ ትከሻን ያሳርፋል፤ ድምፁን ግን ወደ ጎን ስለሚበትነው አጠገቧ የሚቆመውን ሰው ጆሮ ይጎዳል። እኛ አንመክረውም።

እንዲህ ትጀምር። ሰደፉ ጫፍ ላይ ወፍራም ለስላሳ ጎማ መኖሩን ታረጋግጥ፤ ከሌለ ታስገጥም። የሰደፉን ርዝመት ለመለካት መሣሪያው ባዶ መሆኑን አይታ፣ ክንዷን 90 ዲግሪ አጥፋ ሰደፉን ክርኗ መታጠፊያ ላይ ታሳርፍ። የጠቋሚ ጣቷ የመጀመሪያ አንጓ ቃታው ላይ ካልደረሰ ሰደፉ ይረዝማል፤ ባለሙያ ይቁረጥላት። የፋብሪካው ልክ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለትንሽ ሰው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ሊቀነስ ይችላል። ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ አትጀምር፤ ተደግፎ የሚተኩስ ሰው ሰውነቱ ስለማይንቀሳቀስ ምቱን ሁሉ ትከሻው ይቀበላል። ቆማ፣ ግራ እግሯን ወደ ፊት አድርጋ፣ ሰደፉን ከአንገት አጥንት በታች ባለው ሥጋ ላይ አጥብቃ ትተኩስ። በአንድ ጊዜ ከ10 ጥይት በላይ አያስፈልጋትም፤ ከዚያ በኋላ ዓይን መጨፈን ይመጣል፣ የተጨፈነ ዓይን ደግሞ ልማድ ይሆናል። ትልቅ ቀለበት ያለው ማንሻ የሚጠቅመው ጓንት ለሚያደርግ ነው፤ ሞንታና በረዶ ስላላት ለእሷ ይሆናታል።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለውን በቆሎዬን ከርከሮ ጨረሰው። ልጄ ከአሜሪካ ይህን ጠብመንጃ ቢልክልኝ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም አባታችን። መሣሪያ ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባትና መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያስቀጣል፤ ልጅዎም ከዚያ ያለ መላኪያ ፈቃድ ቢልክ የአሜሪካን ሕግ ይጥሳል። አደንም ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል። ጉዳቱን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። ከርከሮ ብዙ ጊዜ በለመደው መተላለፊያ ነው የሚገባው፤ ዱካውን ተከትለው መግቢያውን በእሾህ አጥር ይዝጉና ማማውን በዚያ በኩል ያቁሙ። በቆሎው እሸት በሚይዝበት ጊዜ ከጎረቤት ጋር ተራ ገብተው መጠበቅ፣ አዝመራውን ከቁጥቋጦው ጥቂት ሜትር ማራቅ ከጠብመንጃ የበለጠ ያተርፋል።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ካናዳ ያለው ጓደኛዬ ሌቨር አክሽኑ ሁለተኛው ጥይት ላይ ይጣበቅብኛል አለኝ። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ነው። ሰው መሣሪያው እንዳይጎዳ ብሎ ማንሻውን በለሆሳስ ይገፋዋል፤ መጨረሻው ሳይደርስ ይመልሰዋል። ያኔ ባዶው ቀለህ ሳይወጣ፣ ወይም አዲሱ ጥይት ወደ ላይ ሳይነሳ መቀርቀሪያው ይዘጋና ይነክሰዋል። ጓደኛህ ማንሻውን እስኪቆም ድረስ በኃይል ይግፋው፣ በኃይልም ይመልሰው። ከትከሻው ሳያወርድ ይለማመድ፤ ለመለማመጃ የተሠሩ የውሸት ጥይቶች አሉ፣ በእነሱ ይሁን።

እንዲያ አድርጎም ከቀጠለ የጥይቱን ርዝመት ይለካ። የ45-70 ጠቅላላ ርዝመት ከ64.8 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በእጅ የተሞላ ጥይት ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ ያለፈውም ማንሳቱ ላይ ይያዛል። ቀጥሎ ብሎኖቹን ይመልከት። ይህን ያህል የሚራገጥ መሣሪያ ብሎን ያላላል፤ በተለይ የማንሻው ማጠፊያ ብሎንና ካዝናውን ከበርሜሉ ጋር የሚያያዘው። ጥይቱ ሲጣበቅ ግን ማንሻውን በእግር አይርገጥ፣ በምንም ነገር አይምታው፤ አፈሙዙን ወደማይጎዳ አቅጣጫ አድርጎ ካዝናውን በመጀመሪያ ባዶ ያድርግ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ወንድሜ የሚኖረው ዝናብ በማይለየው የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። መሣሪያው ሱፍ በለበሰ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ዝገት አወጣ ይላል። የዚህ ጠብመንጃ ጽዳትስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ዝገቱን ያመጣው ቦርሳው ነው። ሱፍና ቆዳ እርጥበት ስለሚይዙ ለጉዞ እንጂ ለማከማቻ አይሆኑም። ከቦርሳው ወጥቶ አየር በሚያገኝ፣ በተቆለፈ የብረት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ እርጥበት መምጠጫ ዱቄት አብሮ ይግባ።

ለማርሊን ጽዳቱ ቀላል ነው፤ ከኋላ በኩል ይጸዳልና አፈሙዙ አይጎዳም። በመጀመሪያ ካዝናውን ባዶ ያድርግ። በማርሊን ይህ የሚደረገው ጥይቶቹን አንድ በአንድ በማቀባበል ነው፤ ጣቱ ከቃታው ይራቅ፣ የመዶሻው ማገጃ ቁልፍ ይዘጋ። ከዚያ ጥይት ቤቱን በዓይኑም በጣቱም ይመርምር። ማንሻውን ወደ ግማሽ ይክፈት፤ የማንሻውን ማጠፊያ ብሎን በልኩ በተሠራ ብሎን መፍቻ ይፍታ። የማይገጥም መፍቻ የብሎኑን ራስ ይቦጭቃል፣ ይህም የሰነፍ ባለቤት ምልክት ሆኖ ይቀራል። ብሎኑ ሲወጣ ማንሻው ወደ ታች ይሳባል፤ መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል። በዚህ ጊዜ በጎን በኩል ያለችው ቀለህ ገፊ ልሳን ትላላለች፤ ጣውላ ላይ ወድቃ እንዳትጠፋ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ ይሥራ።

በርሜሉን ከኋላ ወደ ፊት በነሐስ ብሩሽ ጥቂት ጊዜ ያሻሽ፤ ከዚያ ንጹሕ እስኪወጣ በጨርቅ ይጥረግ። እርሳስ አረር የተኮሰ ከሆነ ከጥይት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ግራጫ ሽፋን ይይዛል፤ እዚያ ላይ ይታገሥ። ዘይት በጣም በቀጭኑ ይቀባ። ብዙ ዘይት በበርሜሉ ውስጥ ሲቀር የመጀመሪያው ጥይት ሌላ ቦታ ይመታል፣ በብርድ ደግሞ ረግቶ መዶሻውን ያዘገየዋል። ሲገጥም ልሳኗን በቦታዋ አስቀምጦ መቀርቀሪያውን ያስገባ፤ ማንሻው ሲመለስ ጫፉ ከመቀርቀሪያው ሥር ባለው ቀዳዳ መግባቱን ይይ፤ ብሎኑንም እስኪቆም ያጥብቅ እንጂ አያስጨንቀው።

የ1886 ዊንቸስተር ያለው ሰው ግን መቀርቀሪያውን በቀላሉ ማውጣት ስለማይችል ከአፈሙዝ በኩል ነው የሚያጸዳው። ዘንጉ አፈሙዙን እንዳይፍቅ ነሐስ መምሪያ ይጠቀም፤ የተፋቀ አፈሙዝ አረሩን ወደ አንድ ጎን ይገፋል። ዝገቱ ላይ አሸዋ ወረቀት አይሂድበት፤ ቀጭን ዘይት ቀብቶ ሌሊቱን አሳድሮ፣ በጥሩ የነሐስ ሱፍ ቀስ ብሎ ያሻሸው። ጥቁሩ ቀለም ሳይለቅ የላይኛው ዝገት ይወጣል፤ ጎድጓዳ ሆኖ የበላው ካለ ግን ወደ ባለሙያ ይውሰደው፤ በተለይ ጥይት ቤቱ ውስጥ ከሆነ ሳያሳይ አይተኩስ።